የአክስቴ ንጹህ አሳ

አክስቴ ቱና መብላት ያቆመችው ለሰው አዝና ነው። ይህን ስናገር የማሾፍ የሚመስለው ሰው አለ። ግን እውነት ነው፣ አዝናለች፤ አልቅሳለችም፤ ስታለቅስ መሀረብ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ያለቀሰችላቸው ሰዎች አይታው በማታውቀው ባሕር ላይ፣ ስሙን እንኳ በማትጠራው መርከብ ውስጥ ያሉ ናቸው። የአክስቴ ሆድ እንዲህ ነው፤ ሰውየው በራቀ ቁጥር ይባባል። እኔ የምተኛው ከእሷ አልጋ በአንድ ግድግዳ ርቀት፣ ከከሰል ጆንያው ጎን ነበር።

አምቦ የመጣሁት አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። አባቴ ከምባታ ውስጥ ገበሬ ነው። አክስቴ ታናሽ እህቱ ናት፤ ከቤተሰቡ ተምራ ቢሮ የገባችው እሷ ብቻ ስለሆነች እኛ ቤት ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ ተስተካክሎ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ልትጠይቀን መጥታ «ልጅቷን ስጠኝ፤ አምቦ ኮሌጅ አስገባታለሁ፣ እኔንም ቤት ታግዘኛለች» አለችው። አባቴ ታላቅነቱን ረስቶ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። እናቴ ያላትን አንድ ሹራብ አውልቃ ሰጠችኝ።

የደረስን ዕለት ማታ አክስቴ የፈተና ውጤት ወረቀቴንና የቀበሌ መታወቂያዬን ተቀበለችኝ። «ይጠፋብሻል፤ የከተማ ሌባ አታውቂም» ብላ ሳሎን ያለው ቢፌ ውስጥ፣ ከሰርግ ሳህኖቿ ሥር አስቀመጠቻቸው። የቢፌው ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው፤ ከመቁጠሪያዋ ጋር በአንድ ክር አስራዋለች። ማታ ማታ ጸሎት ስታደርስ ቁልፉ ከመስቀሉ ጋር ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደመወዝ የምትከፍላትን ሠራተኛ አሰናበተች። «አሁንማ ልጄ መጥታልኛለች» አለች። ሰው ፊት «ልጄ» ነኝ፤ ቤት ውስጥ «አንቺ» ነኝ። እኔም እንደ ሠራተኛዋ «እትዬ» እንድላት ታዘዝኩ። አንድ ሁለቴ «አክስቴ» ብያት ልጆቿ ስለሳቁብኝ ተውኩት። ኮሌጁ መጀመሪያ «ዘንድሮስ አልፎሻል» ሆነ፤ ቀጥሎ «ልጆቹ ፈተና ይጨርሱ»፤ ቀጥሎ «አገሩ ይረጋጋ»። አገሩ በእርግጥ አልተረጋጋም ነበር። በእነዚያ ዓመታት አምቦ ውስጥ ሱቅ ሳይከፈት የሚውልበት፣ መኪና መንገድ ላይ የማይታይበት ቀን ብዙ ነው። ግን ተረጋግቶ ሁሉም ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክም እኔ ልብስ ሳጥብ ነበር።

የእኛ ቁምስና ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው። ካቶሊኮች ሰበካችንን ቁምስና ነው የምንለው። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ፣ ከመስቀል መንገድ ጸሎት በኋላ፣ በየተራ አንዷ ቤት ተሰብስበው ይመገባሉ። ሥጋ የለም፣ አሳ አለ። ባለተራዋ ማዕዱን ታቀርባለች፣ ከመቆረሱም በፊት ተነስታ በጾሙ ውስጥ ልቧን የነካትን ነገር ትናገራለች። ጎረቤታችን የነበሩት ኦርቶዶክስ እናት በአጥር አሻግረው «እናንተ ደግሞ አሳ እየገመጣችሁ ጾምን ትላላችሁ» እያሉ ይነካኩኝ ነበር። አምቦ ውስጥ ካቶሊክ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ማን ምን አቀረበች የሚለው ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ይበላል። ለባለተራዋ ቀላሉ ቱና ነው፤ ጣሳውን ከፍቶ በሽንኩርትና በቃሪያ መለወስ ብቻ። እኔም ቱና እወድ ነበር፤ ስለሚጣፍጥ ሳይሆን ስለማይታጠብ።

ታዲያ አንድ ዓመት ጾሙ ሲገባ ውጭ አገር ቆይታ የተመለሰች አንዲት ሲስተር መጣችና ለሴቶቹ ትምህርት ሰጠች። ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በሩቅ ባሕር አሳ የሚያጠምዱ መርከቦች እንዳሉ፣ ድሃ ሰዎች ጥሩ ሥራ ታገኛላችሁ ተብለው እንደሚወሰዱባቸው፣ መርከቡ ወደብ ሳይነካ እንደሚከርም፣ የታመመውም እንደሚሠራ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረችን። ያ አሳ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ለእኛ ጾም እንደሚደርስም ነገረችን።

«ባሪያ መሆናቸው በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣» አለች፣ «ወረቀታቸውን ካፒቴኑ ነው የሚይዘው። ቤተሰብ ነን ይላቸዋል። መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ማን ያዘው ይላቸዋል። ግን ዙሪያው ባሕር ነው።»

እኔ ከኋላ፣ የአክስቴን ትንሿን ልጅ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ነበር የተቀመጥኩት። ወረቀት ስትል ጆሮዬ ቆመ። ቤተሰብ ስትል ዓይኔ ወደ አክስቴ አንገት ሄደ። ክሩ ይታያል። አክስቴ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ታለቅስ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው» ትላለች። መሀረብ ስጪኝ ብላ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ሰጠኋት።

በማግስቱ ቤት ያለውን የቱና ካርቶን አሸክማኝ ወደ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ከሁሉም ሃይማኖት ጾም ጋር አብሮ የሚኖር፣ ምን መቼ እንደሚሸጥ ከቄሱ በላይ የሚያውቅ ሰው።

«ይሄ የሰው ደም ነው» አለችው አክስቴ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ እንዳስቀምጥ እያመለከተችኝ።

«እንዴ እትዬ፣ ጊዜው አልፎበት ነው?» ብሎ ጣሳውን ገለበጠና ቀኑን አነበበ። «ወላሂ ገና ነው።»

«ጊዜው አይደለም። ይሄን ያጠመዱት ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። አንተም ስትሸጥ ኃጢአቱ አለብህ።»

ባለሱቁ ጣሳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ካርቶኑን ከቤት እስከዚያ ድረስ በጭንቅላቴ ተሸክሜው ስለመጣሁ ነጠላዬ ተጣሞ ነበር። «እሺ እትዬ፣ በዘይት ልቀይርልዎት» አለ። ዘይቱንም እኔ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ «ንጹህ አሳ» የሚባል ነገር ቤታችን ገባ። ከጌዶ ወዲያ ካለው የግድብ ሐይቅ ወጣቶች ያጠመዱት ቆሮሶና አምባዛ በጆንያ ሆኖ፣ በጌዶ በኩል በሚኒባስ አምቦ ይመጣል። «የእኛው ልጆች በነፃነት ያጠመዱት» ትላለች አክስቴ፤ ለቢሮ ሰዎች፣ ለቁምስናው ሴቶች፣ ለጎረቤት። አባ እንኳ አንድ እሑድ ስሟን ሳይጠሩ አመስግነዋታል። ሁሉም ግን ማንን እንደሆነ ስለገባው ዞሮ አያት፤ እሷም አንገቷን ደፋች።

ስለ ንጹህ አሳ የማውቀውን እኔ ልናገር። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ በቢላ ጀርባ ሲፋቅ ፊትሽ ላይ፣ ፀጉርሽ ውስጥ፣ ሻይ ብርጭቆሽ ውስጥ ይገባል። ጀርባው ላይ ያለው እሾህ እንደ ወፍራም መርፌ ነው። አምባዛ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ስትይዢው ያመልጥና ቢላው እጅሽ ላይ ያርፋል። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ በማይመጣበት ቀን ጄሪካን ይዤ ቦኖ እሰለፋለሁ። አክስቴ ሽታው ቤት እንዳይገባ ብላ ጓሮ፣ ሽንት ቤቱ ጥግ ነው የምታሠራኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። እሷ ጨጓራ አለባትና አባ ፈቅደውላታል።

ሌሎቹ ሴቶችም ቱናውን ተዉ፤ ከአክስቴ ማን ያንሳል? ሲስተሯን ማሳዘን የሚፈልግም አልነበረም። ግን አሳ ማጽዳት አይችሉም፤ ቢችሉም ጥፍራቸው አለ፤ የቤታቸው ልጆችም አሳ አያውቁም። «ያንቺ ልጅ እጇ ለምዷል እኮ» አሉ። ስለዚህ የሁሉም ንጹህ አሳ እኛ ጓሮ መምጣት ጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ እያንዳንዷ በፌስታሏ ትልካለች፤ እኔ አጽድቼ እመልሳለሁ። አንዷ አንድ ጊዜ «እጅሽን ይባርከው» ብላ ልካልኛለች፤ እሾህ ወግቶት አውራ ጣቴ ያበጠበት ሳምንት ነበር። መግል ቋጥሮ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። ለአክስቴ ሳሳያት «ጓንት አድርጊ» አለችኝ፤ ጓንት ግን አልገዛችልኝም። በዚያው ጣት ሳጥብ ከረምኩ። አሁንም ብርድ ሲሆን ያ ጣት አይታጠፍልኝም።

ጆንያውን የምቀበለው መናኸሪያ ነው። የሚኒባሱ ረዳት የጌዶ ልጅ ነው፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «አከም ቡልቴ፣ ቁርጡሚሽ መጥቷል» ይለኛል፤ እንዴት አደርሽ፣ አሳሽ መጥቷል ማለቱ ነው። ይህ ሰው ዛሬ ባሌ ነው፤ የምንኖረውም ጌዶ ነው። ከዚያ ቤት ያወጣኝ ኮሌጅ አይደለም ማለት ነው፤ እሱም ሲበሳጭ ከአሳ ጋር ያገኘኋት ይለኛል። ያኔ ግን ምንም አልነበረንም። አንድ ጠዋት ጆንያውን ከጣራ ላይ እያወረደ «ኦቦሌቲ፣ ቴክኒክና ሙያው የማታ ክፍል እየመዘገበ ነው። እህቴ ትናንት ተመዘገበች። ወረቀትና መታወቂያ ይዞ መሄድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ነው» አለኝ። ኦቦሌቲ እህቴ ማለት ነው። ጆንያው ከብዶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን አልከበደኝም።

የማታ ክፍል። ቀን ሥራውን ሁሉ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ለእሷ ምን ይጎድልባታል? ይህን በሆዴ እያመላለስኩ አሳውን ፋቅሁ። ማታ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ወረቀቴን ለአንድ ቀን ብቻ ቢሰጡኝ።»

«ለምን?»

ነገርኳት። ቴሌቪዥን እያየች ነበር፤ ዓይኗን አላነሳችም። «ዓርብ ተራው የእኔ ነው። ሲስተርም ትመጣለች። አንቺ ኮሌጅ ኮሌጅ ትያለሽ? ከፋሲካ በኋላ እናያለን።»

«ምዝገባው ቅዳሜ ያልቃል።»

«ሌላ ምዝገባ ይመጣል። ሂጂ ልጆቹን አስተኚ።»

ዓርብ ደረሰ። ከንጋት ጀምሮ ጓሮ ነበርኩ። ቆሮሶው ተጠበሰ፣ አምባዛው ሾርባ ሆነ፣ የተረፈው ጎረድ ጎረድ ተደርጎ በአዋዜ ተለወሰ። የሰርግ ሳህኖቹ ከቢፌው ወጡ። ማታ ሴቶቹ ከጸሎት ሲመለሱ ሳሎኑ ሞላ፤ ሲስተሯን መሐል አስቀመጧት። እኔ ትሪውን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ፤ አክስቴ ተናግራ ሳትጨርስ ማዕዱ አይቀርብምና።

አክስቴ ተነሳች። አነጋገሯ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ስለ መርከቦቹ ከሲስተሯ የሰማችውን የራሷ አድርጋ ተናገረች። «አስቡት እስቲ» አለች፣ «የሰው ልጅ ወረቀቱን ተቀምቶ፣ ልሂድ ሲል ነገ ነገ እየተባለ፣ ያለ ደመወዝ፣ እጁ እየቆሰለ። እኛ ደግሞ ያንን በልተን ጾምን እንላለን።» ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ሁለቱ ዓይናቸውን ጠረጉ። ትሪው ከብዶኝ አውራ ጣቴ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ልናገር ብዬ አስቤ አልተናገርኩም። ከአፌ ወጣ እንጂ።

«አክስቴ፣ የእኔን ወረቀት ለነገ ስጪኝ።»

ከወረቀቱ ይልቅ «አክስቴ» ማለቴና አንቺ ማለቴ ይመስለኛል ፊቷን ያቀላው። ሲስተሯ «የምን ወረቀት ነው?» አለች።

«የትምህርት ወረቀቴና መታወቂያዬ። ቢፌው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ነገ ምዝገባ ያልቃል።»

ሴቶቹን አየኋቸው። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ «ስጫት» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን እያንዳንዷ ቤት እንደ እኔ ያለች አንዲት ልጅ አለች፤ ከአገር ቤት የመጣች፣ «ልጄ ናት» የምትባል። ሁሉም የሰርግ ሳህኑን አበባ ይመለከታሉ።

አክስቴ ፈገግ አለች። ክሩን ከአንገቷ አወጣች፣ ቢፌውን ከፈተች፣ ወረቀቶቼን ከሥር መዝዛ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀበልኩ። «ይኸው። ማን ያዘሽ ልጄ? በሩም ክፍት ነው» አለች። «እሰይ!» አለች አንዷ ሴት፤ ሌሎቹም ተንፈስ አሉ። «ግን በአደራ የተቀበልኩሽ ልጅ ነሽ። አባትሽ ሳይሰማ ከቤቴ አትወጪም» ብላ ስልኳን አነሳች፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

በቋንቋችን ነው ያወሩት፤ ከእሷና ከእኔ በቀር እዚያ ቤት ከምባትኛ የሚሰማ የለም። ልጅህ ሰው ሰብስቤ ባለሁበት አዋረደችኝ፣ ወረቀቷን ይዛ ልትሄድ ነው፣ ልጅህን መልሰህ ውሰድ አለችው። ሳትቆጣ፣ እየሳቀች ነው የተናገረችው፤ ሴቶቹም እንደ ሰላምታ ወስደውት ፈገግ ይሉ ነበር።

ከአባቴ በኩል ላም ስትጮህ ይሰማል። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

«ወረቀቱን መልሺላት» አለ። «ወንድምሽን በሚመጣው ዓመት አምቦ ልትወስደው ቃል ገብታልኛለች። በሩን እንዳትዘጊበት። እሷን ጥለሽ ከመጣሽ እኔ ቤት ቦታ የለሽም። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ» አልኩ።

«ምን አሉ አባቷ?» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ ብሏል» አለች አክስቴ፤ ስልኩን ዘጋች።

ወረቀቶቼን በእጄ እንደያዝኩ ነበር። እጄ ታጥቦም አሳ አሳ ይሸት ነበር፤ የውጤቴ ወረቀት ጥግ በጣቴ ርሶ ለስልሷል። አክስቴ እጇን አልዘረጋችም። ቆማ ጠበቀችኝ። ሁሉም እያዩኝ ሄድኩና ራሴ ቢፌው ውስጥ፣ ሳህኖቹ በነበሩበት ቦታ አስቀመጥኳቸው።

«ጎሽ፣ ልጅ ማለት ይሄ ነው» አለች ያቺ እሰይ ያለችው ሴት።

ፊቴን ያየችው ሲስተሯ ብቻ ናት። «ደህና ነሽ ልጄ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ሲስተር» አልኳት፤ ሌላ ምን እላታለሁ? ትሪውን አነሳሁና ለሁሉም አቀረብኩ። እሷ የደረሳትን ሳህን በቀስታ ገፋ አደረገች። «ሲስተር፣ አይበሉም እንዴ? ንጹህ አሳ እኮ ነው» አለቻት አክስቴ። «ዛሬ ልጹም» አለች። ሴቶቹ በጾሟ ተደነቁ፤ ራሳቸው ግን በሉ። ሲስተሯ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ሄደች፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች።

ሳህኑ ወደ ማድ ቤት ሲመለስ ከእሷ ድርሻ ቅንጣት አልጎደለም። በእኔ ምክንያት የተተወ አሳ ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ቆሜ በላሁት፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት። ጣፍጦኛል። አክስቴን ይቅር ያላልኳት ብዙ ነገር የለም፣ አርጅታለች፣ ታማለች። ያቺን ሲስተር ግን እስከ ዛሬ አልማርኳትም። አሳውን በልታ እጄን ይዛኝ ብትወጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ የተረፈውን አሳ ለጎረቤት አድርሺ ብላ ላከችኝ። የቴክኒክና ሙያው በር ያለው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ወጣቶች ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ይዘው ተሰልፈው ነበር፤ ሰልፉም ረጅም አልነበረም። አሳውን አድርሼ በዚያው ተመለስኩ። ወንድሜን በተከታዩ ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላመጣችውም።

ከዚያ ዓርብ በኋላ አክስቴ ቢፌውን ቆልፋው አታውቅም። ቁልፉ ከክሩ ወጥቶ ከልጆቹ መጫወቻ ጋር ወለል ላይ ይንከባለል ነበር። እኔም በየሳምንቱ ሳህኖቹን ሳጸዳ ወረቀቶቼን አነሳለሁ፣ ከሥራቸው ያለውን አቧራ እወለውላለሁ፣ መልሼ ቦታቸው አስቀምጣቸዋለሁ።